የደቡብ አፍሪካዋ የጤና ሚኒስትር ማንቶ ተፈርዶባት ነበር ወይስ አልተፈረደባትም?

ቡና_ያለ_ስኳር፦
ሰላም ቤቶች፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ስለ ማንቶ ሻባላላ-ምሲማንግ ተከራከርን፣ ያቺ በፕሬዚዳንት ምቤኪ ጊዜ ለኤችአይቪ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ስር ብሉ ትል የነበረችው ሚኒስትር። እሱ ፍርድ ቤት ፈርዶባታል ይላል፣ እኔ ደሞ ከሳሿ እሷ ነበረች፣ የተከሰሰውም ጋዜጣ ነው ባይ ነኝ። ጎግል ሳደርግ የክስ መዓት መጣብኝ፣ የሚያውቅ ካለ እስቲ።

ጄፒ_ስትሪት፦
ሁለታችሁም የምታወሩት ስለተለያየ ክስ ነው። ዋናው የኔቪራፒኑ ነው። ኔቪራፒን ማለት እናትየዋ ምጥ ሲጀምራት አንድ ኪኒን ትውጣለች፣ ሕፃኑ በተወለደ በ3 ቀን ውስጥ ትንሽ ሽሮፕ ጠብ ይደረግለታል፣ በቃ፣ ይቺው ናት ቫይረሱ ወደ ልጁ እንዳይተላለፍ የምትረዳው። ያውም አምራቹ ለ5 ዓመት በነፃ ልስጣችሁ ብሎ ነበር! መንግሥት ግን በየክፍለ ሀገሩ 2 የሙከራ ቦታ ብቻ መርጦ ሌላ የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ያለ ሐኪም ልስጥ ቢል እንኳን አይችልም አለ። ቲኤሲ የሚባሉት አክቲቪስቶች በ2001 ፕሪቶሪያ ላይ ከሰው ረቱ፣ መንግሥት ይግባኝ ብሎ በጁላይ 2002 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱም ገደቡን አንሱ ብሎ ወሰነ። የተከሰሰችው ግን በሚኒስትርነቷ ነው፣ በግሏ የተፈረደባት ነገር የለም።

ፋርማሲስቷ፦
እኔን የሚገርመኝ እኮ እዚያው 2001 ላይ፣ በኤፕሪል፣ 39 የመድኃኒት ኩባንያዎች በርካሽ መድኃኒት ሕጉ ምክንያት መንግሥትን ከሰው ሳይሳካላቸው ክሱን ሲተዉ ቲኤሲዎች ከመንግሥት ጎን ነበሩ። ሴትየዋ ያኔ ጀግና ነበረች። ወራት ሳይቆይ እነዛው ሰዎች ከሰሷት። ከዛ በ2006 ቶሮንቶ የኤድስ ጉባኤ ላይ የአገሪቱ ማሳያ ጠረጴዛ ላይ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ስር ተደርድሮ ዓለም ጉድ አለ፣ ዶክተር ቀይ ስር ይሏት ነበር።

ቡና_ያለ_ስኳር፦
እሺ ጋዜጣውስ? እና በወንጀልስ ማንም አልጠየቃትም?

ጄፒ_ስትሪት፦
ጋዜጣው ሰንዴይ ታይምስ ነው፣ 2007። ሆስፒታል ተኝታ ስለነበረችበት ጊዜ ከሕክምና መዝገቧ እየጠቀሰ ጻፈባት፣ እሷም ከሰሰች። ጆሃንስበርግ ያለው ፍርድ ቤት መዝገቡን መልሱ አለ፣ ስለሷ መጻፍ ግን አልከለከለም፣ ባለሥልጣን ናት ሕዝብ የማወቅ መብት አለው ነው ነገሩ። በኔ እይታ ትክክለኛ ፍርድ ነው፣ የታካሚ ፋይል እንደ ጋዜጣ ወረቀት መዞር የለበትም። በወንጀል ከሆነ ቲኤሲ በ2003 በቸልተኝነት ሰው በመግደል ብሎ ፖሊስ ጣቢያ አመልክቶ ነበር፣ ለክስ ግን አልበቃችም።

ዝምታ_ወርቅ፦
ኧረ ሴትየዋ ላይ ብቻ አትረባረቡ፣ ቫይረሱ ኤድስ ያመጣል ወይ ብሎ ጥያቄ ያነሳው አለቃዋ ምቤኪ እኮ ነው፣ እሷ ጌታዋን የሰማች ናት።

ፋርማሲስቷ፦
ወንድሜ ዶክተር ናት እኮ፣ በሙያዋ ሐኪም! የሀርቫርድ ተመራማሪዎች የኤችአይቪ መድኃኒት በጊዜው ባለመሰጠቱ ከ2000 እስከ 2005 ከ330,000 በላይ ሰው አልቋል ብለው ገምተዋል። ምክትሏ ማድላላ-ራውትሌጅ እኮ ተቃራኒውን ተናግራ በ2007 ምቤኪ ከሥልጣን አነሳት፣ ስለዚህ መናገር ይቻል ነበር። ማንቶን ከጤና ያነሷት ምቤኪ ከወረደ በኋላ ነው፣ ሴፕቴምበር 2008፣ ያውም ቤተ መንግሥት ውስጥ ሌላ የሚኒስትር ወንበር ሰጥተው።