«ካናፔ» በጥሪ ካርድ ላይ፦ ለእኅታችን ጥያቄ መልስ

የተከበሩ እኅታችን፣ ለልጅዎ የምረቃ ግብዣ በሁለት ቋንቋ በሚያሳትሙት የጥሪ ካርድ ላይ «ካናፔ» የሚለውን፣ ማለትም በትንሽ ቁራጭ ዳቦ ላይ ማባያ ተደርጎ የሚቀርበውን ምግብ፣ በአማርኛ ምን ብለው እንደሚጽፉት ጠይቀዋል። እዚህ አሜሪካ በድግስ ዝግጅት ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት የተረዳሁትን በአክብሮት ላካፍልዎት።

ቃሉ የፈረንሳይኛ ሲሆን የምግብ ስም ከመሆኑ በፊት የሶፋ ስም ነበር። ወደ ኋላ ሲከተሉት በላቲን በኩል አልፎ ግሪክኛ ይደርሳል፤ ግሪኮች ቢንቢን «ኮኖፕስ» ይሉ ስለነበር ከቢንቢ የሚከላከል መጋረጃ ያለውን አልጋ «ኮኖፔዮን» አሉት፤ መጋረጃው እኛ አጎበር የምንለው ነው። እንግሊዝኛው ከላይ የተዘረጋውን ጥላ ይዞ «ካኖፒ» አለ፤ ፈረንሳይኛው ግን ከሥር ያለውን መቀመጫ ወሰደ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዮች በቁራጭ ዳቦ ላይ የተደረገውን ማባያ ሶፋ ላይ ከተቀመጠ ሰው ጋር አመሳስለው ለምግቡም ይህንኑ ስም ሰጡት።

ካናፔን ከሌላው የሚለየውም ይኸው መቀመጫ ነው። ከሥር የተጠበሰ ዳቦ ወይም ብስኩት፣ በላዩ ዳቦው እንዳይርስ የሚቀባ ቅቤ ወይም አይብ፣ ከዚያ ዓሣ፣ እንቁላል ወይም አትክልት ይደረግበታል። ሳምቡሳ ትንሽ ሆኖ ቢሠራም ማባያው በሊጥ ስለተጠቀለለ ካናፔ አይባልም። ካናፔንም ሳምቡሳንም፣ ከዋናው ማዕድ በፊት የሚቀርቡ ትንንሽ ምግቦችን ሁሉ የሚያጠቃልለው የፈረንሳይኛ ስም «ኦር ደቭር» ነው፤ ትርጉሙ «ከሥራው ውጪ» ሲሆን፣ ሥራ የተባለው ዋናው ማዕድ ነው።

አንዳንድ ወገኖች «ጉርሻ» እንበለው ብለዋል። መጠኑን በትክክል ቢገልጽም እኔ አልስማማም፤ ጉርሻ በሌላ ሰው እጅ በፍቅር የሚሰጥ ነው፣ ካናፔን ግን እንግዳው ራሱ ከትሪ ያነሣል። «መቆያ» የሚለው የተሻለ ቃል ነው፤ ነገር ግን ስሙ እንደሚናገረው ዋናው ምግብ እስኪደርስ የሚያቆይ ማለት ስለሆነ፣ እራት የሚከተል መሆኑን ለእንግዳው ያሳውቃል። አንድ ቤተሰብ «መቆያ ይቀርባል» ብሎ ጽፎ ከሩቅ ከተማ የመጡ ሽማግሌዎች እራት ሲጠብቁ አምሽተው ጾማቸውን ሲመለሱ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ስለዚህ እራት ካለ «መቆያና እራት» ብለው ይጻፉ፤ ከሌለ ደግሞ «ካናፔና መጠጥ ይቀርባል፤ እራት አይኖርም» ማለቱ ለእንግዳም ለጋባዥም ክብር ነው። ሳምቡሳን ከነፋርስኛ ሥሩ እንደተቀበልን፣ ካናፔንም በስሙ ብንጠራው ቋንቋችን አይጎዳም።

በሰኔ የሚደረግ ምረቃ ብዙ ጊዜ በሐዋርያት ጾም ላይ ስለሚውል ይህንንም ያስቡበት፤ ከማባያው ሥር የተቀባውን ቅቤ ጿሚው እንግዳ አያየውም። አዘጋጆቹ በአቮካዶ ወይም በተፈጨ ሽምብራ እንዲተኩት አስቀድመው ይንገሯቸው፤ የጾሙንም ለብቻው ትሪ ላይ ያስደርጉ።