ባለቤቴ ህንዳዊ ነው፤ ከዱባይ ቀጥሎ የት እንኑር?

የአል ናህዳዋ (መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.)

ለሁላችሁም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ሲሆን ባለቤቴ የህንድ ኬረላ ግዛት ሰው፣ የኮቺ ልጅ ነው። የተዋወቅነውም የተጋባነውም ዱባይ ነው። እርሱ በአንድ ዓለም አቀፍ ኩባንያ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነው፤ እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። እርሱ 37፣ እኔ 34 ዓመታችን ነው። የስድስት ዓመት ልጃችን እዚሁ ተወልዳ በህንድ ሥርዓተ ትምህርት በሚያስተምር ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ትማራለች።

ኑሯችን የሚያማርር አይደለም። ደመወዛችን ግብር አይቆረጥበትም፤ ኮቺም ሆነ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ከአራት ሰዓት ብዙም አይርቁም። ነገር ግን የመኖሪያ ፈቃዳችን ከእርሱ ሥራ ጋር የታሰረ ስለሆነ ሥራው የቆመ ዕለት አገሩን ለቅቆ ለመውጣት የሚሰጠን ጥቂት ወራት ብቻ ነው። የ10 ዓመቱን ወርቃማ ቪዛ ጠይቀን ነበር። በባለሙያነት ለማግኘት የ30,000 ድርሃም ወርኃዊ ደመወዝ፣ በንብረት በኩል ደግሞ 2 ሚሊዮን ድርሃም የሚያወጣ ቤት ስለሚያስፈልግ ለጊዜው አልደረስንበትም። ብናገኘውም ጡረታ ወጥተን የምናርፍበት፣ ልጃችንም አገሬ ብላ የምትቀርበት ቦታ አይሆንልንም።

ባለቤቴ ካናዳን ወይም አውስትራሊያን ይመርጣል። የእኔ እህቶች ሜሪላንድ ስለሚኖሩ እኔ አሜሪካን ባነሣ ደስ ይለኛል፤ እርሱ ግን የህንድ ጓደኞቹ ሁሉ እንደሚሉት «ለህንዳዊ የግሪን ካርድ ወረፋ ከዕድሜ በላይ ነው» ብሎ ገና ከመጀመሪያው ሰርዞታል። በዚያ ላይ ለወላጆቹ አንድ ልጅ ነው፤ ሁለቱም ወደ 70 እየተጠጉ ነው። እውነት አሜሪካ ዝግ ነው? ከሆነስ እንደ እኛ ላለ ቤተሰብ የትኛው ይሻላል ትላላችሁ?


የሲልቨር ስፕሪንጉ (መጋቢት 10)

እህቴ፣ ባለቤትዎ የሰሙት ነገር እውነት ነው፤ በእናንተ ቤት ግን አይሠራም። በኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢሮ ስለምሠራ ይህን ጉዳይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ባለትዳሮቹ ራሳቸው ሳያውቁት ዓመታት የሚያልፉበት ጊዜም አለ።

በሥራ በኩል በዓመት የሚሰጠው ግሪን ካርድ 140,000 ገደማ ነው፤ ሕጉ ደግሞ በአንድ አገር የተወለዱ ሰዎች ከ7 በመቶው በላይ እንዳይወስዱ ይከለክላል። ጣሪያው ለግዙፏ ህንድም ለትንሿ ማልታም አንድ ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በየወሩ የሚያወጣውን የቪዛ ቡለቲን ከፍተው በሥራ የሚገኙትን ምድቦች ሠንጠረዥ ይመልከቱ። በሁለተኛው ምድብ (ከፍተኛ ዲግሪ ያላቸው ባለሙያዎች) መስመር ላይ፣ ህንድ በሚለው ዓምድ ሥር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የተጻፈው ቀን በ2012 ውስጥ ነበር፤ ተራ የደረሳቸው ከ12 ዓመት በፊት ያመለከቱት ነበሩ ማለት ነው። የራሳቸው ዓምድ የሌላቸው አገሮች ሁሉ፣ ኢትዮጵያም ጭምር፣ የሚታዩበት የመጀመሪያው ዓምድ ግን ያኔ እ.ኤ.አ. 2022 መጨረሻ ላይ ደርሶ ነበር።

ሕጉ የሚቆጥረው ፓስፖርትን ሳይሆን የትውልድ አገርን ነው። ባልና ሚስት አብረው የሚሰደዱ ከሆነ ደግሞ አንዱ በሌላው የትውልድ አገር እንዲቆጠር ይፈቅዳል። እርስዎ አዲስ አበባ ስለተወለዱ ባለቤትዎ ዋናው አመልካች ሆነው እንኳ በኢትዮጵያ ስም ይቆጠራሉ፤ ከህንድ ዓምድም ይወጣሉ። የልጅ ትውልድ አገር ግን ለወላጅ አይተላለፍም፤ ስለዚህ ልጃችሁ ዱባይ መወለዷ በዚህ ረገድ አይጠቅማችሁም። የሚጠቅማችሁ የእርስዎ የልደት ምስክር ወረቀትና የጋብቻ ወረቀታችሁ ነው።

አስቸጋሪው መግቢያው ነው። ኤች ዋን ቢ የሚባለው የሥራ ቪዛ በዓመት 85,000 ብቻ ስለሆነ በዕጣ ነው የሚደርሰው፤ ቢደርስም የትዳር ጓደኛ ወዲያውኑ መሥራት አይፈቀድላትም። ባለቤትዎ በዓለም አቀፍ ኩባንያ እንደሚሠሩ ጽፈዋል። ኩባንያው አሜሪካ ውስጥ ቢሮ ካለውና እርሳቸውም በኃላፊነት ወይም በኩባንያው ልዩ ዕውቀት አንድ ዓመት ከሠሩ፣ ኤል ዋን በሚባለው የዝውውር ቪዛ ዕጣ ሳይገቡ ሊሄዱ ይችላሉ። በዚህኛው መንገድ እርስዎም እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ በወጣው አሠራር መሠረት የተለየ የሥራ ፈቃድ ሳይጠብቁ መቀጠር ይችላሉ። እኔ ብሆን ነገ ጠዋት የሰው ኃይል ክፍሉን የምጠይቀው ይህንን ነበር።

ዲቪንም አይርሱት። የህንድ ተወላጆች መሙላት አይችሉም፤ ባለቤትዎ ግን በእርስዎ የትውልድ አገር በኩል ራሳቸውን ችለው መሙላት ይችላሉ። ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ማመልከቻ ሞልታችሁ ከሁለት አንዱ ቢወጣ ሦስታችሁም ትሄዳላችሁ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። አሜሪካ ግሪን ካርድ የያዘን ሰው በዓለም ዙሪያ ባለው ገቢ ላይ ግብር ታስከፍላለች። ህንድ ከግብር ነፃ የምታደርገው፣ ነዋሪ ያልሆኑ ህንዳውያን የሚያስቀምጡት የባንክ ተቀማጭ ወለድ እዚህ ይገለጻል፤ ይገበርበታልም። ከሁሉ የሚያስቸግሩት የህንድ ሚውቿል ፈንዶች (የብዙ ሰው ገንዘብ ተሰብስቦ በጋራ የሚዋልባቸው ፈንዶች) ናቸው፤ አሜሪካ እነርሱን የምታይበት የግብር ሕግ ክፉኛ የተወሳሰበና ውድ ነው። ባለቤትዎ እንዲህ ያለ ቁጠባ ካላቸው ከመሄዳቸው በፊት የሒሳብ ባለሙያ ያነጋግሩ።


የስካርቦሮዋ (መጋቢት 10)

የካናዳውን በኩል ልጨምር። እዚህ የትውልድ አገር አይቆጠርም፤ ህንዳዊውም ኢትዮጵያዊውም በአንድ ወንፊት ነው የሚያልፈው። ወንፊቱ ነጥብ ሲሆን ነጥቡ ከዕድሜ ጋር ይወርዳል። ኤክስፕረስ ኢንትሪ የሚባለው ካናዳ ባለሙያዎችን በነጥብ የምትመርጥበት ሥርዓት ከትዳር ጓደኛ ጋር ለሚያመለክት ሰው ከ20 እስከ 29 ዓመት ድረስ ለዕድሜ 100 ነጥብ ይሰጣል፤ በ37 ዓመት 60፣ በ40 ዓመት 45፣ በ45 ዓመት ዜሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በተደረጉት አጠቃላይ ጥሪዎች (ነጥባቸው የደረሰው እንዲያመለክቱ የሚጋበዙበት ዙር) የተፈለገው ነጥብ ከ520 አልወረደም ነበር፤ በሙያ ተለይተው የሚደረጉት ዝቅ ይላሉ፤ ፈረንሳይኛ ለሚችሉት ደግሞ እጅግ ዝቅ ይላል። እርስዎ በዕድሜ ስለሚያንሱ ማን ዋና አመልካች ቢሆን እንደሚሻል ሁለቱንም አስልታችሁ እዩ፤ ብዙ ባለትዳሮች በልማድ ወንዱን ያስቀድማሉ።

ቶሮንቶን ብቻ አታስቡ። የቤት ኪራዩ አንዱን ደመወዝ ሙሉ በሙሉ ይበላዋል። ብራምፕተን የህንድ ሕዝብ የበዛበት ከተማ ነው ቢባልም አብዛኛው ፑንጃቢ ስለሆነ ማላያላም ተናጋሪ የሆነ የኬረላ ሰው እዚያ የግድ እንደ ቤቱ አይሰማውም፤ ይህን የነገሩኝ የኬረላ ጎረቤቶቼ ናቸው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በኦታዋና በዴልሂ መካከል በተነሣው ጠብ ህንድ ለካናዳ ዜጎች ቪዛ መስጠት አቁማ ነበር፤ ካናዳም 41 ዲፕሎማቶቿን አስወጥታለች። የነዋሪነት ማመልከቻን አልዘጋም፤ ግን በሁለቱ አገሮች መካከል ቤተሰብ ያለው ሰው ሊያውቀው ይገባል።

ስለ አማቶችዎ፦ ሱፐር ቪዛ የሚባለው ወላጆች በአንድ መግቢያ እስከ አምስት ዓመት እንዲቆዩ ይፈቅዳል። የጤና መድኅን ግን ራሳችሁ ትገዙላቸዋላችሁ፤ በዚያ ዕድሜ ርካሽ አይደለም።


የድሬ ልጅ (መጋቢት 11)

እኔ ህንዳዊ ነኝ፤ የተወለድኩት ግን ድሬዳዋ ነው። ወላጆቼ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለማስተማር ከመጡት ህንዳውያን መምህራን መካከል ናቸው፤ አማርኛውንም ያወረሰችኝ ድሬ ናት። የሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድማችን የጻፈው በእኛ ቤት ደርሷል። የህንድ ፓስፖርት የያዘው ወንድሜ ሂውስተን ሲያመለክት የተቆጠረው በኢትዮጵያ ነበር፤ አብረውት የሚሠሩት የሃይደራባድ ልጆች ዛሬም ይጠብቃሉ።

እኔ የምኖረው ፐርዝ ነው። አውስትራሊያም በነጥብ ነው የምትወስደው፤ ዝቅተኛው 65 ቢሆንም በተግባር የሚጠራው ከዚያ በላይ ያለው ነው፣ ጥሪውም 45 ዓመት ሳይሞላ መድረስ አለበት። ከሲድኒና ከሜልበርን ይልቅ ፐርዝ ለኬረላ ይቀርባል፤ ሰዓቱም ከህንድ የሚለየው በሁለት ሰዓት ተኩል ስለሆነ ከእናት ጋር ማታ ማታ ማውራት አያስቸግርም። ለአዲስ አበባ ግን ሩቅ ነው፤ አዛኝ መስዬ አልደብቅዎትም።

ህንዳውያን ወዳጆቼ አገር ሲመርጡ ደመወዝን አስልተው ወላጅን ይረሳሉ፤ አንድ ልጅ ለሆነ ሰው ግን ወላጅ ነው መቅደም ያለበት። እዚህ ወላጅን በቋሚነት ለማምጣት ከርካሹ ይልቅ ፈጠን የሚለው ቪዛ ለአንድ ሰው ከ40,000 የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ያስከፍላል፤ ርካሹ ደግሞ ወረፋው ወላጅ ከሚኖረው ዕድሜ ይረዝማል። አሜሪካ ውስጥ ዜጋ የሆነ ልጅ ወላጆቹን ያለ ቁጥር ገደብ ያመጣል፤ ሆኖም ዜግነቱ ከግሪን ካርዱ በኋላ በተለምዶ አምስት ዓመት ይጠይቃል። አማቶችዎ ያን ጊዜ ከ75 በላይ ይሆናሉ፤ ከቤታቸው፣ ከጓሯቸው ኮኮናትና ከቤተ ክርስቲያናቸው ወይም ከቤተ መቅደሳቸው ተነቅለው ሜሪላንድ በረዶ ላይ ለመኖር ይፈልጉ እንደሆነ አስቀድሞ ራሳቸውን መጠየቅ ይገባል። የእኔ አባት እምቢ ብለዋል።

ህንድ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም፤ ኢትዮጵያም እንዲሁ። ባለቤትዎ የሌላ አገር ዜግነት የወሰዱ ዕለት የህንድ ፓስፖርታቸውን ይመልሳሉ፤ በምትኩ ኦሲአይ የሚባለውን የዕድሜ ልክ መግቢያ ይወስዳሉ። ያ ካርድ መኖርና መሥራት ያስችላል፤ አያስመርጥም፣ የእርሻ መሬትም አያስገዛም፤ መውረስ ግን ይቻላል። እርስዎም ጋብቻው ተመዝግቦ ሁለት ዓመት ከሞላው፣ ኢትዮጵያዊነትዎን ሳይለቁ፣ በሚስትነትዎ ማመልከት ይችላሉ። የትም ሄዳችሁ የት ይህን አሁኑኑ ጀምሩት፤ አማት የታመሙ ለት ቪዛ ሲጠብቁ እንዳይቀሩ።


የፍራንክፈርቱ (መጋቢት 11)

ጀርመን ስላልተነሣች በአጭሩ፦ ብሉ ካርድ የሚባለውን የተማሩ ባለሙያዎች የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ የያዘ ሰው ቋሚ ፈቃድ በ27 ወር፣ ቢ ዋን የሚባለውን መካከለኛ ደረጃ ጀርመንኛ ከቻለ በ21 ወር ያገኛል፤ ሚስት ከመምጣቷ በፊት የቋንቋ ፈተና አይጠየቅባትም፣ እንደገባችም መሥራት ትችላለች። የኬረላ ነርሶች በግዛቱ መንግሥት ድርጅት ኖርካ ሩትስ በኩል እየመጡ ስለሆነ ማላያላም የሚሰማባቸው ሆስፒታሎች አሉ። በሒሳብ ሙያ ግን ያለ ጥሩ ጀርመንኛ ሥራ ማግኘት ከባድ ነው፤ እርስዎ ለጥቂት ዓመታት ቤት እንደሚውሉ አስበው ይወስኑ።


የአል ናህዳዋ (መጋቢት 12)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለቤቴ የመጀመሪያውን መልስ ተርጉሜ ሳነብለት አላመነኝም፤ ሌሊቱን ቡለቲኑን ሲያገላብጥ አደረ። የኩባንያው ቢሮ ኒው ጀርሲ ውስጥ አለ፤ ሰኞ ይጠይቃል። የካናዳውንም ነጥብ በሁለታችንም ስም እናሰላለን። የልደት ምስክር ወረቀቴ ግን ገና ልጅ ሳለሁ ከቀበሌ በእጅ ተጽፎ የተሰጠ ነው፤ ያገለግላል?


የሲልቨር ስፕሪንጉ (መጋቢት 12)

በእጅ የተጻፈውን ይዘው አይቅረቡ። አዲስ አበባ ካለው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት አዲሱን ያውጡ፤ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ያረጋግጡት። ዱባይ ሆነው በውክልና ማስጨረስ ይችላሉ። ሲወጣ ሁለት ነገር ይመልከቱ። የልደት ቀኑ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ በፓስፖርትዎ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን፣ የአያት ስምዎም በሁለቱ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት መጻፉን። የእርስዎ ጉዳይ የተመሠረተው አዲስ አበባ መወለድዎ ላይ ስለሆነ በዚህ ወረቀት ላይ ትንሽ ልዩነት እንኳ ጥያቄ ያስነሣል።

የባለቤትዎንም ፓስፖርት ይመልከቱ። ብዙ የኬረላ ሰዎች እንደ እኛው በአባት ስም ነው የሚጠሩት፤ አንዳንዶቹም ፓስፖርታቸው ላይ የቤተሰብ ስም የሚለውን ባዶ ይተዉታል ወይም ስማቸውን በሙሉ አንድ መስመር ላይ ያስቀምጡታል። እንዲህ ሲሆን የአሜሪካ ቪዛ በመጠሪያ ስሙ ቦታ «ኤፍ ኤን ዩ» ይጽፋል፤ መጠሪያ ስሙ አይታወቅም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መንጃ ፈቃዱም፣ ባንኩም፣ የልጅቱ ትምህርት ቤትም በዚያ ስም ይጠሯቸዋል። ዱባይ በሚገኘው የህንድ ቆንስላ በኩል አስቀድሞ ማስተካከል ይቻላል፤ ኩባንያው ማመልከቻውን ከመላኩ በፊት ይጨርሱት።