ቀልዱ የኔ፣ ሰዓቱ የጣቢያው፦ ባይረን አለን ያደረገው ደሴ ላይ ይሆናል?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነው የምኖረው። ሠርግና ምርቃት ላይ እቀልዳለሁ። ለበዓል ፕሮግራምም ቴሌቪዥን ላይ ብቅ እላለሁ። ፒያሳ ስወጣ ልጆች «ጋሼ ቆጥብ!» እያሉ ይከተሉኛል። ቆጥብ የምጫወተው ቋጣሪ ነጋዴ ነው። እኔ ራሴ ግን የምቆጥበው ነገር የለኝም።

አሁን በየሳምንቱ የሚቀርብ የግማሽ ሰዓት ኮሜዲ አሰብኩ። ለናሙና የቀረጽነውን አንድ ጣቢያ ወስጄ አሳየሁ። ሳቁ፣ ወደዱት። ከዚያ «የአየር ሰዓቱን ግዛ፣ ስፖንሰርህን ይዘህ ና» አሉኝ። የጠሩት ዋጋ የብዙ ሠርግ ገቢዬን ይበላል።

ጓደኛዬ ደግሞ ባይረን አለን ስለሚባል አሜሪካዊ ነገረኝ። ኮሜዲያን ነበር፣ ባዶ እጁን ጀምሮ ዛሬ ቴሌቪዥን ጣቢያ ገዝቷል አለኝ። እውነት ነው? ወይስ እንደተለመደው የሞቲቬሽን ወሬ ነው? እውነት ከሆነስ ሰውየው ያለ ገንዘብ የአየር ሰዓት እንዴት አገኘ? አባቴ «ቀልዱን ተውና ሱቅ ክፈት» ብሎኛል። ሳልሰማው በፊት እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው።

ሙሄ ከሐይቅ

ጋሼ ቆጥብ አንተ ነህ እንዴ? የእህቴ ሠርግ ላይ የሚዜውን ካልሲ ለጨረታ ያቀረብከው? አማቾቻችን እስካሁን ያወሩታል። ለጥያቄህ መልስ የለኝም። የሠርግ ዋጋህን ግን ጨምር፣ ርካሽ ነህ።

ዘይቱ (ኮምቦልቻ)

አብሽር ወንድምዓለም፣ ወሬው እውነት ነው። እኔ አሁን ባነርና የሠርግ ካርድ ነው የማትመው። ከዚያ በፊት ግን ለሬዲዮ ፕሮግራም ስፖንሰር ሳፈላልግ ነው የኖርኩት። ለዚህ ነው የሰውየውን ታሪክ ሳነብ ዓይኔ ከቀልዱ ይልቅ ማስታወቂያው ላይ ያረፈው።

ባይረን አለን እ.ኤ.አ. በ1961 ዲትሮይት ተወለደ። እናቱ ያኔ ገና 17 ዓመቷ ነበር። ልጇን ይዛ ሎስ አንጀለስ ገባች፣ ተማረች። እሱ ሲያወራ፣ ኤንቢሲ ቴሌቪዥን ሄዳ «የሥራ ልምምድ አላችሁ?» ብላ ጠየቀች። «የለንም» አሏት። «ታዲያ ለምን አትጀምሩም?» አለቻቸው። ጀመሩላት። (እኔ ለእናትየው ሌላ ገጽ እከፍት ነበር።) ልጅ የሚጠብቅላት ስላልነበረ ሥራ ቦታ ይዛው ትሄዳለች። እሱም ከስቱዲዮ ስቱዲዮ እየዞረ ታዋቂው የማታ ፕሮግራም አቅራቢ ጆኒ ካርሰን ሲቀረጽ ያያል።

በ14 ዓመቱ መድረክ ላይ ወጥቶ መቀለድ ጀመረ። ጂሚ ዎከር የሚባል ታዋቂ ኮሜዲያን አየውና ቀልድ እንዲጽፍለት ቀጠረው። አብረውት ይጽፉ ከነበሩት መካከል በኋላ ታዋቂ የቴሌቪዥን አቅራቢዎች የሆኑት ዴቪድ ሌተርማንና ጄይ ሌኖ ነበሩ፤ ያኔ ማንም አያውቃቸውም። በ1979፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ የካርሰን «ቱናይት ሾው» ላይ ቀረበ። ከዚያ «ሪል ፒፕል» የተባለ ፕሮግራም አቅራቢ ሆነ። እስከዚህ ድረስ የጎበዝ ልጅ ታሪክ ነው። ላንተ የሚጠቅምህ ከ1993 ጀምሮ ያለው ነው።

በዚያ ዓመት ቤቱ ውስጥ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ስልክ ይዞ ተቀመጠ። ኩባንያ ያለው ይሄንኑ ነበር። ያሰበው ፕሮግራም የፊልም ተዋናዮችን ማነጋገር ነው። ብልሃቱን እይልኝ። አዲስ ፊልም ሲወጣ ተዋናዮቹ ሊያስተዋውቁት ስለሚፈልጉ ያለ ክፍያ ቁጭ ብለው ያወራሉ። ስለዚህ ወጪው ትንሽ ነው። ከዚያ ለየከተማው ጣቢያ እየደወለ እንዲህ ይላል፦ ፕሮግራሙን በነፃ ውሰዱ፤ ውስጡ ያለውን የማስታወቂያ ደቂቃ ግን እኩል እንካፈል፤ ድርሻችሁን እናንተ ሽጡ፣ ድርሻዬን እኔ እሸጣለሁ።

እሱ እንደሚለው 1,300 ጣቢያዎች ደውሎ ሁሉም ደጋግመው እምቢ ብለውታል። በመሃል ገንዘብ አልቆበት፣ የቤቱ ስልክ ተቆርጦ፣ ከመንገድ ስልክ እየደወለ ነበር። በመጨረሻ ወደ 150 የሚሆኑት እሺ አሉ። አሁን አስበው። የአንዲት ትንሽ ከተማ የማስታወቂያ ደቂቃ ብቻዋን ማን ይገዛታል? የ150 ጣቢያ ደቂቃ ሲደመር ግን አገር አቀፍ ኩባንያ በር ታንኳኳለህ። ሀብቱ የመጣው ከዚህ ነው። በቀልዱማ ከሱ የሚበልጡ መዓት ነበሩ።

ያንተ ጣቢያ ደግሞ ተቃራኒውን ነው ያለህ፤ ሰዓቱን ይሸጥልሃል። እኛ አገር የተለመደው እሱ ነው፣ አትቀየም። አለን ራሱም በ2023 ሲቢኤስ በሚባለው ትልቅ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ የእኩለ ሌሊት ሰዓት በገንዘቡ ገዝቷል። ሰዓት መግዛት ነውር የለውም። ከመክፈልህ በፊት ግን ሦስት ነገር ጠይቃቸው። በገዛሁት ግማሽ ሰዓት ውስጥ ስንት የማስታወቂያ ደቂቃ የኔ ነው? የቀረጻው ባለቤት ማነው? ዩቲዩብ ላይ ማውጣት ወይም ለሌላ ጣቢያ መስጠት እችላለሁ? ሦስተኛውን ከከለከሉህ ባትገባበት ይሻላል።

ሲቢኤስ ላይ ያስገባው ፕሮግራም «ኮሚክስ አንሊሽድ» ይባላል። በ2006 የተጀመረ ነው። ኮሜዲያኖች ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራ በተራ ይቀልዳሉ። የሰሞኑን ዜና አያነሱም። ሆን ተብሎ ነው፤ ከዓመታት በፊት የተቀረጸው ዛሬ ቢታይ አያረጅም፣ እንደገና ይሸጣል። አንተም የሰሞኑን የነዳጅ ሰልፍ ተውና ስለ ሚዜ፣ ስለ አማት፣ ስለ ዕቁብ ሰብሳቢ ቀልድ። ቆጥብ መቼም አያረጅም፣ ቋጣሪ ዘመን የለውም።

ስፖንሰር ላይ ልምጣ። ድሮ ቢሆን ቢራ ፋብሪካ ሂድ እልህ ነበር፤ ፋብሪካውም እዚሁ ኮምቦልቻ አፍንጫችን ሥር ነው። የ2011 ዓ.ም. አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ካስወጣ ወዲህ ግን ያ በር ተዘግቷል። የስንቱ ፕሮዲዩሰር ምሰሶ በአንድ ቀን እንደወደቀ እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ ወደሚያውቁህ ሂድ። አንተ የሠርግ ሰው ነህ። ዲኮር የሚሠራው፣ የሙሽራ ልብስ አከራዩ፣ ወርቅ ቤቱ፣ ቪዲዮ ቀራጩ፣ አዳራሽ ያለው ሆቴል፣ ሁሉም መድረክ ላይ አይተውሃል። ሆቴሉ ብር የለኝም ካለ አዳራሹን ይስጥህ፣ ቀረጻህን እዚያው አድርግ። ብር ያልሆነ ክፍያም ክፍያ ነው።

አዳሙ ዘወልድያ

እህት ዘይቱ ደህና አድርጋ አስረድታሃለች። ግን የሰውየውን ዕዳ ዘላዋለች። ባይረን አለን ዌዘር ቻናል የሚባለውን የአየር ሁኔታ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2018 ሲገዛ 300 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ ተብሎ ተዘግቧል። ከዚያ በየከተማው ያሉ ጣቢያዎችን እየተበደረ መግዛት ቀጠለ። በ2025 ዕዳውን ለማቃለል ብሎ እነዚያኑ ጣቢያዎች ለገበያ አወጣቸው። በነፃ እንካፈል ብሎ የጀመረ ሰው መጨረሻው አበዳሪ ደጅ ሆነ ማለት ነው።

ክርክሩም አለ። ኮምካስት የተባለው የኬብል ኩባንያ ቻናሎቼን ያልወሰደው ጥቁር ስለሆንኩ ነው ብሎ የ20 ቢሊዮን ዶላር ክስ መሠረተ። በመጋቢት 2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ወሰነበት፦ ዘርህ ባይሆን ኖሮ ውሉን ታገኝ እንደነበር አስረዳ አለው። በሰኔ ከኮምካስት ጋር ተስማምተው ጨረሱ። እሱ ጠበቃ የሚያቆምበት አቅም ነበረው። አንተ ደሴ ላይ ጣቢያ ብትከስ በማግስቱ የምትቀልድበት ጣቢያ አይኖርህም።

ምክሬ፦ ለአየር ሰዓት ብለህ እንዳትበደር። በተለይ አራጣ። አራጣ ከነካህ ጋሼ ቆጥብ በአካል ቤትህ ድረስ ይመጣብሃል።

ዘይቱ (ኮምቦልቻ)

አዳሙ፣ አራጣው ላይ አሜን ብያለሁ። ግን ልጁ ጣቢያ ልግዛ አላለም እኮ! የጠየቀው ግማሽ ሰዓት ነው። አለን ዕዳ ውስጥ የገባው ጣቢያ መግዛት ሲያምረው ነው። ፕሮግራሞቹ ግን ዛሬም የሱ ናቸው፣ ዛሬም ይታያሉ። ልጁ ከፕሮግራሙ ሥራ ይማር ነው የምለው።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እቴ ዘይቱ፣ ጥያቄዎችሽን ይዤ ጣቢያው ሄድኩ። ቀረጻው ያንተ ነው አሉኝ። ዩቲዩብ ላይ ግን ከኛ አንድ ወር ቆይተህ አውጣ አሉ። ማስታወቂያው ላይ ሰውየው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ «እንነጋገራለን» አለ። ይሄ እሺ ነው እምቢ?

ለአባቴም ነገርኩት። «በነፃ እየሰጠ የከበረ ነጋዴ ዛሬ ገና ሰማሁ» ብሎ ቡናውን ጠጣ።

ዘይቱ (ኮምቦልቻ)

«እንነጋገራለን» ማለት ዋጋ ላይ ነን ማለት ነው፤ ነጋዴ እየተጫወትክ ይሄን አታውቅም? አንድ ወር መቆየቱ አይጎዳህም፣ ተቀበል። ደቂቃው ላይ ግን አጥብቀህ ያዝ። መጀመሪያ ከግማሽ በላይ ጠይቅ፣ ግማሽ ላይ ቁም። ሁሉም በጽሑፍ ይሁን፤ የቀረጻው ባለቤትነት ራሱን የቻለ አንቀጽ ይኑረው። ሳትፈርም ኮምቦልቻ ውረድና አብረን እናንብበው። ሆቴሉን ደግሞ ዛሬውኑ አናግር፤ ጥር ከገባ ባዶ አዳራሽ አታገኝም።