ህንዳውያን ባልደረቦቻችን፦ የትምህርት ብድርና የግሪን ካርድ ወረፋ

ጥያቄ (ከዳላስ)

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ተሳታፊዎች። የምሠራው ዳላስ አካባቢ በሶፍትዌር ሙያ ሲሆን፣ ከቡድናችን አባላት አብዛኞቹ የህንድ ተወላጆች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ፣ ከህንዷ የቴላንጋና ግዛት የመጣና በችሎታው ሁላችንም የምናከብረው ሰው፣ እዚህ አገር ሁለተኛ ዲግሪውን ከያዘ ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆነውም ዛሬም የሚሠራው በኤች-1ቢ፣ ማለትም በአሠሪ በኩል በሚገኝ ጊዜያዊ የባለሙያ የሥራ ቪዛ ነው። የግሪን ካርድ ተራ ለየአገሩ የት እንደደረሰ የሚያሳየው የወሩ የቪዛ ቡለቲን በወጣ ቁጥር ሥራውን አቁሞ የህንድን ዓምድ ያያል፤ ከዚያም ምንም ሳይናገር ገጹን ይዘጋዋል። ከእርሱ በኋላ የተቀጠረ ኢትዮጵያዊ ባልደረባችን ግን በዚያው ኩባንያ፣ በዚያው የሥራ መደብ ግሪን ካርዱን ካገኘ ቆይቷል። ሌላዋ ወጣት በቅርቡ ተመርቃ በኦፒቲ፣ ማለትም ለውጭ ተማሪዎች ከምረቃ በኋላ በሚሰጥ ጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ፣ የምትሠራ ናት። ለትምህርቷ የተበደረችው ገንዘብ በአባቷ ቤት መያዣነት መሆኑን ከነገረችኝ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም።

የሁለቱ ባልደረቦቼ ልዩነት ከየት የመጣ ነው? ብድሩስ እንዴት ያለ ብድር ነው? ከእነዚህ ሰዎች ጋር በየቀኑ ስለምውል ያሉበትን ሁኔታ በትክክል ሳላውቅ ምክር መስጠት አልፈልግም።

መልስ 1 (ከቨርጂኒያ)

በኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢሮ ሰነድ በማዘጋጀት ስለምሠራ የመጀመሪያውን ጥያቄዎን ልመልስ። ልዩነቱን ያመጣው የትውልድ አገር ነው። በሥራ በኩል ለመላው ዓለም በዓመት የሚሰጠው ግሪን ካርድ 140,000 ገደማ ሲሆን፣ ሕጉ ለአንድ አገር ተወላጆች የሚሰጠውን በ7 በመቶ ይገድበዋል። ከዚህ ላይ የሠራተኛው የትዳር ጓደኛና ልጆችም ይቆጠራሉ፤ አራት ነፍስ ያለው ቤተሰብ አራት ቁጥር ይወስዳል ማለት ነው። እንደ ባልደረባዎ ሁለተኛ ዲግሪ ላላቸው ባለሙያዎች በሚሆነው በኢቢ-2 ምድብ ሲሰላ ለህንድ በመደበኛው የሚደርሰው በዓመት 2,800 ያህል ብቻ ነው፤ ሌሎች ያልተጠቀሙበት ከተረፈ ይታከልበታል። በአንጻሩ በየዓመቱ ከሚጸድቁት የኤች-1ቢ ማመልከቻዎች ከ10 ሰባት ያህሉ የህንድ ተወላጆች ናቸው። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2025 በወጡት ቡለቲኖች ለህንድ ኢቢ-2 ተራው የደረሰው በዚያው አቆጣጠር በ2012 መጨረሻና በ2013 አጋማሽ መካከል ላመለከቱት ነበር። ኢትዮጵያ ድርሻዋን የምትሞላ አገር ስላልሆነች የእኛ ሰው የሚታየው በሌሎች አገሮች ዓምድ ነው። ብዙዎቻችን የገባንበት የዲቪ ሎተሪም ለህንድ ተወላጆች ዝግ ነው፤ ምክንያቱም ባለፉት አምስት ዓመታት ከ50,000 ሰው በላይ የላከ አገር አይሳተፍበትም።

የሚቆጠረው የትውልድ ቦታ እንጂ ዜግነት አይደለም። ህንድ ውስጥ ሃይደራባድ ተወልዶ የካናዳ ዜግነት የወሰደ ሰው የሚሰለፈው በህንድ ወረፋ ነው፤ ባለቤቱ አዲስ አበባ የተወለደች ከሆነች ግን በእርሷ የትውልድ አገር ሊቆጠር ይችላል።

ኤች-1ቢ በመደበኛው ከ6 ዓመት አያልፍም። አሠሪው ለግሪን ካርድ ያስገባለት የአይ-140 ማመልከቻ የጸደቀለት ሰው ግን ተራው እስኪደርስ በየ3 ዓመቱ ማራዘም ይችላል፤ የእርስዎም ባልደረባ የሚኖረው እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። አሠሪ መቀየር አይከለከልም፤ የወረፋው ቀንም ይጠበቅለታል። ነገር ግን አዲሱ አሠሪ ሂደቱን ከመጀመሪያው እንደገና ማካሄድ ስላለበት ብዙዎች የተሻለ ደመወዝ እየቀረበላቸው ባሉበት መቆየትን ይመርጣሉ። ከሁሉ የሚከብደኝ የልጆቹ ጉዳይ ነው። በሕፃንነቱ የመጣና እዚሁ ፊደል የቆጠረ ልጅ የወላጆቹ ተራ ሳይደርስ 21 ዓመት ከሞላው ከማመልከቻቸው ይወጣል፤ ባደገበት አገር ለመቆየትም እንደማንኛውም የውጭ ተማሪ የራሱን ቪዛ መጠየቅ ይኖርበታል። ይህን አሠራር ፍትሐዊ ነው ብዬ ለማንም ማስረዳት አልችልም።

መልስ 2 (ከአዲስ አበባ)

ሁለተኛ ዲግሪዬን የተማርኩት ሃይደራባድ ስለሆነ የብድሩን ነገር በቅርብ አይቼዋለሁ። የህንድ የመንግሥት ባንኮች ለትምህርት የሚያበድሩት ገንዘብ ከ7.5 ላክ፣ ማለትም ከ750,000 ሩፒ፣ ሲበልጥ በአብዛኛው ቤት ወይም መሬት በመያዣነት ይጠይቃሉ። መያዣ የሌለው ወደ ግል አበዳሪዎች ይሄዳል፤ የእነርሱ ወለድ ደግሞ ከፍ ይላል። አሜሪካ የሁለት ዓመት ትምህርት ከነኑሮው ለሚያስወጣው ገንዘብ ግን 7.5 ላክ ሩቡን እንኳ አይሸፍንም። ከእኔ ጋር የምትማር ልጅ ወንድም ለቴክሳስ ሲዘጋጅ፣ አባታቸው የእርሻ መሬታቸውን ሰነድ በላስቲክ ጠቅልለው ከገጠር ይዘው መጥተው ነበር። ባንኩ የዋናውን ባለቤት ፊርማ ብቻ ሳይሆን የወንድሞቻቸውንም ስለጠየቀ፣ አጎቶቹን ለማስፈረም ሁለተኛ ጊዜ ተመለሱ። ተማሪው አንድ ቢሆንም ዕዳው ያረፈው በመላው ቤተሰብ ላይ ነበር።

ስሌቱን ላሳያችሁ። 40 ላክ፣ ማለትም 4,000,000 ሩፒ፣ በ11 በመቶ ወለድ በ10 ዓመት የሚከፈል ቢሆን የወሩ ክፍያ 55,000 ሩፒ ያህል ይመጣል። ይህ በአንድ ዶላር 90 ሩፒ ሂሳብ 610 ዶላር ገደማ ስለሆነ አሜሪካ በሙያው ለተቀጠረ ሰው የሚቻል ነው። በህንድ ትልልቅ የሶፍትዌር አገልግሎት ኩባንያዎች ግን የጀማሪ መሐንዲስ ደመወዝ በወር 30,000 ሩፒ አካባቢ ነው። ቪዛው ተበላሽቶ አገሩ የገባ ልጅ ሙሉ ደመወዙን ቢሰጥ እንኳ የወሩን ክፍያ አይሞላም። እነዚህ ልጆች ሥራና ቪዛ እንዳይቋረጥባቸው ለምን ያን ያህል እንደሚጨነቁ የገባኝ ይህን ሳሰላ ነው።

ምንዛሪውም ሁለት ፊት አለው። ዶላር እ.ኤ.አ. በ2014 60 ሩፒ አካባቢ የነበረ ሲሆን በ2025 መጨረሻ ከ90 አልፏል። ብድሩ በሩፒ የጸደቀለት ተማሪ ገንዘቡ ዶላር ሲሆን ያንስበታል፤ ተመርቆ በዶላር የሚከፈለው ሰው ግን ዕዳው ይቀልለታል። ስለዚህ የሩፒ መውደቅ ሥራ ያገኘውን እየረዳ ያላገኘውን ይጎዳል። ወለዱ ክፍያ ገና በማይጠየቅበት የእፎይታ ጊዜም ቢሆን መቆጠሩን አያቆምም።

ከሃይደራባድ ወጣ ብሎ ያለው የቺልኩር ባላጂ ቤተ መቅደስ ቪዛ በሚጠይቁ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ተሳላሚው ልመናውን ይዞ 11 ጊዜ ይዞራል፤ የለመነው ሲደርስለት ተመልሶ 108 ጊዜ ይዞራል። እንደ ቁልቢ ስለት ነው፤ ወላጆች ፓስፖርት በእጃቸው ይዘው ሲዞሩ ዓይኔ አይቷል።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በኦፒቲ ስለምትሠራዋ ልጅ አንድ ነገር ልጨምር። ከሥራ ብትቀነስ ምን ያህል ጊዜ አላት? በኤች-1ቢ ማመልከቻ ላይ ስለተጣለው የ100,000 ዶላር ክፍያ የሚወራውስ እርሷን ይመለከታል?

መልስ 1 (ከቨርጂኒያ)

ኦፒቲ 12 ወር ሲሆን ትምህርቷ በስቴም (ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ) ዘርፍ ከሆነ 24 ወር ይጨመርላታል። በመጀመሪያው ዓመት በድምሩ ከ90 ቀን በላይ ያለ ሥራ መቆየት አትችልም፤ ማራዘሚያውን ካገኘች አጠቃላዩ 150 ቀን ይሆናል። ቀኖቹ የሚቆጠሩት ተደምረው ነው፤ አዲስ ሥራ ስለጀመረች ያለፉት አይሰረዙላትም። በኤች-1ቢ ላይ ያለ ሰው ሥራ ሲያጣ የሚሰጠው ጊዜ ደግሞ ቢበዛ 60 ቀን ነው። ክፍያው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 2025 በተፈረመው የፕሬዚዳንቱ አዋጅ የመጣ ሲሆን በዋናነት የሚነካው ከአሜሪካ ውጭ ላሉ ሰዎች የሚገባን አዲስ ማመልከቻ ነው። እዚሁ ሆና ከተማሪነት ወደ ኤች-1ቢ ሁኔታዋን የምትቀይር ከሆነ ክፍያው እንደማይመለከታት የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በመመሪያው ገልጿል። ስለዚህ ማመልከቻዋ በሂደት ላይ እያለ ከአገር እንዳትወጣ፣ ለሠርግም ይሁን ለለቅሶ፣ አስቀድማ ጠበቃ ታማክር። በኤች-1ቢ ዕጣ ደግሞ የዓመቱ መደበኛ ኮታ 65,000፣ እዚህ ሁለተኛ ዲግሪና ከዚያ በላይ ለተማሩት የተጨመረው 20,000 ስለሆነ ዕድሏ ከአንድ ዙር በላይ እንዲሆን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አሠሪዋ እንዲያስመዘግባት ትጠይቅ።

መልስ 3 (ከቶሮንቶ)

ብዙዎች አሜሪካ ሲዘጋባቸው ካናዳን እንደ ቀላል አማራጭ ስለሚያዩ ልጨምር። እዚህም ሁኔታው ተለውጧል። ተማሪ ለኑሮው እንዳለው የሚያሳየው ገንዘብ ለረጅም ጊዜ 10,000 የካናዳ ዶላር የነበረ ሲሆን ከ2024 መጀመሪያ 20,635፣ ከሴፕቴምበር 2025 ደግሞ 22,895 ሆኗል፤ የትምህርት ክፍያው ለብቻው ነው። በጃንዋሪ 2024 በተማሪ ፈቃድ ላይ ኮታ ተጣለ፤ ለህንዳውያን መልስ ያፋጥን የነበረው ልዩ የማመልከቻ መንገድም በዚያው ዓመት በኖቬምበር ተዘጋ። ትምህርት ባለበት ወቅት ከግቢ ውጭ መሥራት የሚፈቀደው በሳምንት 24 ሰዓት ብቻ ስለሆነ ቶሮንቶ አጠገብ ባለችው ብራምፕተን በአንድ ምድር ቤት ስድስትና ሰባት ሆነው የሚኖሩ ከህንዷ ፑንጃብ የመጡ ልጆች ማየት የተለመደ ነው።

በ2023 የተገለጠው የሐሰት የመግቢያ ደብዳቤ ጉዳይ ደግሞ ለእኛም ወላጆች ማስጠንቀቂያ ይሁን። የህንድ ተማሪዎች ለወኪል ከፍለው ወደ ካናዳ መጡ፤ ብዙዎቹ ሌላ ኮሌጅ ገብተው ተመርቀው ሥራ ይዘው ነበር። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሐሰተኛ መሆኑ የታወቀው ለቋሚ መኖሪያ ሲያመለክቱ ሲሆን ከአገር የማስወጣት ትእዛዝ ተከተለ፤ በኋላ መንግሥት የእያንዳንዱን ጉዳይ የሚያይ ግብረ ኃይል አቋቁሞ በቅን ልቦና የመጡትን ለይቷል። በወኪል በኩል የሚላክ ሰው ካላችሁ ደብዳቤው በእጁ በገባ ዕለት ወደ ኮሌጁ የመዝገብ ክፍል ራሱ ጽፎ ያረጋግጥ፤ ክፍያውንም ለወኪሉ ሳይሆን በቀጥታ ለኮሌጁ ሂሳብ ያስገባ።