የማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርቶችን ከሽምደዳ ለማላቀቅ ምን ማድረግ ይቻላል?

ጥያቄ፦ ከአንድ የታሪክና የሥነ ዜጋ መምህር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ታሪክና ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የአንደኛው የዓለም ጦርነት መቼ እንደ ተጀመረ ሲጠየቁ ሳያመነቱ 1914 ይላሉ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ለምን እንደ ተጀመረ ሲጠየቁ ደግሞ በደብተራቸው ላይ የሰፈሩትን ምክንያቶች በተጻፉበት ቅደም ተከተል ይዘረዝራሉ፤ አንዱ ምክንያት ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ስጠይቃቸው ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ኢኮኖሚክስና ሥነ ዜጋ ለየብቻ ስለሚሰጡ ተማሪው እርስ በርስ የማይተዋወቁ አራት ደብተሮችን ይዞ ይቀራል። በሌላ በኩል ማጠቃለያ ፈተናው በአብዛኛው ምርጫ በመሆኑ፣ ሽምደዳውን ባስተዋቸው ውጤታቸውን እጎዳ ይሆን ብዬ እሰጋለሁ። በክፍል ውስጥ ሞክራችሁ የሠራላችሁ ዘዴ ካለ በዝርዝር ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ ከአንዲት የታሪክ መምህርት

ጤና ይስጥልኝ መምህር። በመጀመሪያ ቀኖችን እንደ ጠላት ባያዩአቸው እመርጣለሁ። የሚጎዳው ተማሪው ቀኑን መያዙ አይደለም፤ ቀኑን ይዞ ምንም እንዲሠራበት አለመጠየቁ ነው። እርስዎ ያነሱትን 1914ን ራሱን እንውሰድ። እኔ ማብራሪያ ከመስጠቴ በፊት በሰሌዳው ላይ የሚከተለውን ብቻ እጽፋለሁ፦ ጁን 28 የኦስትሪያ-ሃንጋሪ አልጋ ወራሽ ሳራዬቮ ላይ ተገደሉ፤ ጁላይ 23 ኦስትሪያ-ሃንጋሪ ለሰርቢያ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጠች፤ ጁላይ 28 ጦርነት አወጀችባት፤ ጁላይ 30 ሩሲያ አጠቃላይ ክተት አዘዘች፤ ጀርመን ኦገስት 1 በሩሲያ፣ ኦገስት 3 በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀች፤ ኦገስት 4 ብሪታንያ ገባች።

ከዚያም አንድ ጥያቄ ብቻ አነሣለሁ፦ ከግድያው እስከ ማስጠንቀቂያው ሦስት ሳምንት ተኩል ያህል ሲያልፍ፣ ከመጀመሪያው የጦርነት አዋጅ በኋላ ታላላቆቹን መንግሥታት ለማስገባት አንድ ሳምንት እንዴት በቃ? ተማሪዎቹ ይህን ሲመረምሩ ወደ ቃል ኪዳን ትስስሩና አስቀድመው ወደ ተነደፉት የጦር ዕቅዶች ራሳቸው ይደርሳሉ። በደብተራቸው ውስጥ ተራ ቁጥር ተሰጥቶት የነበረው ምክንያት በዚያን ጊዜ የሚያስፈልጋቸው መልስ ይሆናል። ጊዜ ከተረፈኝ በ1919 የተፈረመውን የቬርሳይ የሰላም ውል አንቀጽ 231 አነብላቸውና፣ የጦርነቱን ኃላፊነት በጀርመንና በአጋሮቿ ላይ የጣለውን ይህን ጽሑፍ ማን እንዳዘጋጀው፣ በምን ሁኔታ እንደ ተፈረመ እንዲወያዩበት አደርጋለሁ።

ይህ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ እንደሚወስድ አልሸሽግዎትም። በየምዕራፉ ሊደረግ ስለማይችል፣ በመንፈቅ ዓመቱ ጥቂት ርዕሶችን መርጦ በዚህ ጥልቀት ማስተማርና ቀሪውን በአጭሩ ማለፍ ይሻላል።

መልስ፦ ከአንድ የጂኦግራፊ መምህር

የመምህርቷን ሐሳብ እጋራለሁ፤ በጂኦግራፊም ካርታው ራሱ ማስረጃ መሆን አለበት። እኔ በ1854 በለንደን ሶሆ ሠፈር የተነሣውን የኮሌራ ወረርሽኝ እጠቀማለሁ። በዚያ ዘመን ብዙዎች በሽታውን የሚያመጣው የተበከለ አየር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሐኪሙ ጆን ስኖው ግን የሟቾችን መኖሪያ አጣርቶ እያንዳንዱን ሞት በካርታ ላይ በአጭር ጥቁር መስመር አመለከተ። ካርታውን ምንም ሳልናገር ለየቡድኑ አድላለሁ፤ ተማሪዎቹም መስመሮቹ በብሮድ ጎዳና የውሃ ፓምፕ ዙሪያ እንደ ተደራረቡ ያስተውላሉ።

ዋናው ትምህርት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። «አየሩም እኮ በዚያው አካባቢ ተበክሎ ሊሆን ይችላል» የሚል ተማሪ ሁልጊዜ አይጠፋም፤ ተገቢ ተቃውሞ ስለሆነ አመሰግነዋለሁ። ያን ጊዜ ሁለተኛውን ማስረጃ እሰጣለሁ፦ ከፓምፑ አጠገብ በነበረው የቢራ መጥመቂያ ውስጥ ሠራተኞቹ ከበሽታው ተርፈዋል፤ የሚተነፍሱት አየር ግን ያው የሠፈሩ አየር ነው። የሚጠጡት ቢራ እንደ ነበረና መጥመቂያውም የራሱ ጉድጓድ እንደ ነበረው የምነግራቸው ተከራክረው ሲጨርሱ ነው። በመጨረሻም ውሃ እንዳይቀዳበት የፓምፑ እጀታ በሴፕቴምበር 8 ሲነቀል ወረርሽኙ አስቀድሞ መቀነስ ጀምሮ እንደ ነበር እጨምርላቸዋለሁ። ይህ፣ በሽታው የመጣው ከፓምፑ ውሃ ነው የሚለውን የስኖውን ድምዳሜ ያፈርሰዋል ወይስ የእጀታውን መነቀል ፋይዳ ብቻ ይቀንሰዋል? ሁለቱን መለየት የቻለ ተማሪ ማስረጃን መመዘን ጀምሯል።

መልስ፦ ከአንዲት የኢኮኖሚክስ መምህርት

አራቱን ትምህርቶች አንድ ላይ እናዋህድ የሚለው አስተሳሰብ ስለሚያሳስበኝ ነው የምጽፈው። እያንዳንዱ የራሱ የአጠያየቅ መንገድ አለው፤ ሲደባለቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸረሸረው ስሌት የሚጠይቀው የኢኮኖሚክሱ ክፍል ነው። ይልቁንስ መምህራኑ በአንድ ጉዳይ ላይ በአንድ ሳምንት ቢገናኙ ይበቃል። በማርች 2021 አንድ ግዙፍ ዕቃ ጫኝ መርከብ የስዊዝን ቦይ ለስድስት ቀናት ያህል ዘግቶ ነበር። የጂኦግራፊው መምህር በአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ የሚዞረውን አማራጭ መንገድ ያስለካል፤ እኔ መዘግየቱ በማጓጓዣ ዋጋና በአቅርቦት ላይ የሚያደርሰውን ጫና አሰላለሁ፤ የታሪኩ መምህር ቦዩ በ1869 ሲከፈት የማንን ንግድ እንደ ጠቀመ ይጠይቃል። ሥነ ዜጋም እንዲህ ያለ ጥያቄ አያጣም። ሁሉን አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በ1948 ሲጸድቅ፣ አገሮችን በሕግ የሚያስገድዱት ሁለቱ ቃል ኪዳኖች (አንዱ ስለ ሲቪልና ፖለቲካዊ፣ ሌላው ስለ ኢኮኖሚያዊ፣ ማኅበራዊና ባህላዊ መብቶች) ግን በ1966 ጸድቀው በ1976 ነው ሥራ ላይ የዋሉት። ለምን ይህን ያህል ዘገዩ? ስለምንስ ሁለት ሆኑ?

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የምርጫ ፈተናው ጉዳይ ግን አሁንም አልተፈታልኝም።

መልስ፦ ከታሪክ መምህርቷ

የምርጫ ጥያቄም ማሰብን ሊጠይቅ ይችላል፤ ልዩነቱ አማራጮቹ የሚዘጋጁበት መንገድ ላይ ነው። የ1914ቱን የቀኖች ዝርዝር ከጥያቄው በላይ ያስፍሩና «ከዝርዝሩ ሊደገፍ የሚችለው ድምዳሜ የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ካልሆኑት አማራጮች ቢያንስ አንዱ በራሱ እውነት ይሁን፤ ለምሳሌ የቬርሳይ ውል በ1919 መፈረሙ እውነት ነው፣ ነገር ግን ከዝርዝሩ አይወጣም። የሸመደደ ተማሪ የሚያውቀውን ስላየ ወደ እሱ ያዘነብላል። እርማቱን ሲጨርሱ ስንት ተማሪ ይህን እንደ መረጠ ይቁጠሩ፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ዝርዝሩን እንደገና በሰሌዳ ላይ ጽፈው ከተማሪዎቹ ጋር መስመር በመስመር ያንብቡት።