ደረሳዎቹ (የዲን ተማሪዎቹ) ኪታብ ይቀራሉ (ያነባሉ)፣ ዐረብኛ ግን አይናገሩም፤ ምን ይሻላል?

የመርከዝ አስተማሪ፦
አሰላሙ ዐለይኩም። በመርከዛችን (በትምህርት ማዕከላችን) 40 አዳሪ ደረሳዎች አሉን፣ ከ13 እስከ 17 ዓመት። የሰዋስው መጀመሪያ ኪታብ የሆነውን አጅሩሚያን ጨርሰዋል፣ ኢዕራብ (የቃላት መጨረሻ አናባቢ በሰዋስው መለዋወጥ) ብትጠይቋቸው አይሳሳቱም። አፋቸው ግን አይፈታም። "በግቢው ከዐረብኛ ውጭ አይወራም" ብለን ሕግ ብናወጣ ግቢው ጭጭ አለ። ምን ትመክሩናላችሁ?

ነሕው ወዳድ፦
ወዐለይኩሙ ሰላም ኡስታዝ። ሕጉ ከቃላቱ ቀድሞ መጥቷል። ልጁ ከኪታብ የሚያውቀው "ዘይድ ዐምርን መታ" ነው፤ ሳሙና፣ ባልዲ፣ ካልሲ በዐረብኛ ምን እንደሚባል ማን ነገረው?

ከሱብሒ በኋላ 10 ደቂቃ ውሰዱ፤ አምስት ቃል ይበቃል፣ ግን ከነዓረፍተ ነገሩ። "ሷቡን" ብሎ ማለፍ ሳይሆን "አዕጢኒ አስ-ሷቡን" (ሳሙናውን ስጠኝ)። ኡስታዙ ይላል፣ ሁሉም ሦስቴ ይደግሙታል፣ ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው ይጠያየቁበታል። ደብተር የሚወጣው በመጨረሻ ነው፤ ቀድሞ ከወጣ ዓይናቸው ከሱ አይነቀልም። ክልከላውን መጀመሪያ ለምግብ ቤት ብቻ አድርጉት፤ የምግብ ቤቱን ቃላት ሲጨርሱ ወደ መኝታ ክፍል።

ሌላው ጣጣ ኢዕራቡ ራሱ ነው። ነሕው (ሰዋስው) ጠንቅቆ የሚያውቅ ልጅ "ዶማ ("ኡ") ነው ወይስ ፈትሓ ("አ")?" እያለ ይታነቃል። በወሬ ላይ የቃሉን መጨረሻ በሱኩን (ያለ አናባቢ) እንዲያቆም ፍቀዱለት። እርማቱ ለደርስ (ለትምህርት) ሰዓት ይቆይ።

አቡ ሒክማ፦
በዚህ የታወቀው ጎንቶር የተባለው የኢንዶኔዥያ አዳሪ የእስልምና ትምህርት ቤት ነው፤ ምሥራቅ ጃቫ፣ እ.ኤ.አ. በ1926 የተመሠረተ። ዐረብኛና እንግሊዝኛን በፈረቃ ያናግራሉ፤ አዲስ ገቢ ግን የመልመጃ ጊዜ ይሰጠዋል። ደንቡን የጣሰ "ጃሱስ" (ሰላይ) ተደርጎ ሌላ አጥፊ እንዲጠቁም ይታዘዛል። ይሄኛውን ባትወስዱት እመርጣለሁ፤ እርስ በርስ የሚጠባበቁ ልጆች ዝምታን ይመርጣሉ።

ከዚያ ይልቅ ልጆቹ ብቻቸውን ሲያወሩ የራሳቸውን ዐረብኛ እንዳይፈጥሩ ተጠንቀቁ። "ብርድ መታኝ" ለማለት "ደረበኒ አል-በርድ" ይላሉ፤ ሁሉም አማርኛ ስለሚያውቅ ይግባባሉ፣ ስሕተቱም ይደርቃል። ትክክሉ "ኡሲብቱ ቢዙካም" ነው። ቁርኣን ሲቀሩ አጥርተው የሚያወጧቸውን የዐይንና የሓእ ፊደላት ድምፅም በወሬ ላይ ይጥሉታል። መሀል ላይ አታቋርጧቸው። ተረኛው ኡስታዝ የሰማውን ይመዝግብ፤ ከዒሻ በኋላ አራት አምስቱን፣ የማንንም ስም ሳይጠራ፣ ሰሌዳ ላይ ያርም።

የመርከዝ አስተማሪ፦
ጀዛኩሙላህ ኸይረን። ሐሙስ ሐሙስ ሙሓደራ አለን፣ በየተራ ንግግር ያደርጋሉ። ይጠቅማል?

ነሕው ወዳድ፦
ሸምድዶ የሚወጣ ከሆነ ሒፍዝ ነው፣ ንግግር አይደለም። ሲጨርስ ከአድማጮች ሦስት ጥያቄ ይቅረብለት፤ ወረቀት ላይ ያልተጻፈውን ያኔ ለመናገር ይገደዳል። ጠያቂዎቹንም ቀድማችሁ አትምረጡ፣ አለዚያ ጥያቄና መልሱን አብረው ያጠኑታል።