ማር ፊቴን አቃጠለኝ፣ ጥፋቱ የማሩ ነው የኔ?

የሸዋበሯ፦
ሰላም ያገር ልጆች፣ ደሴ ነኝ፣ ግራ ገብቶኝ ነው የምጽፈው። የዛሬ 10 ቀን ከገበያ 2 ኪሎ ማር ገዛሁ፣ ኪሎውን በ700 ብር፣ ሻጯ የአምባሰል ማር ነው ወላሂ ምንም አልገባበትም ብላ ምላልኝ ነው የወሰድኩት። ሀሳቤ ግማሹን ለቤት ግማሹን ለፊቴ ነበር፣ ብጉሩ ቢለቀኝም ጥቁር ጥቁር ምልክት ትቶብኛል እና ቲክቶክ ላይ አንዷ ማር በሎሚ ለ7 ቀን ተቀቢ ፊትሽ ይጠራል ስትል ሰምቼ ጀመርኩ። በ3ኛው ቀን ጉንጬ ቀላ፣ ውሃ እንኳ ሲነካው ይለበልበኛል፣ ምልክቱ ደሞ ጭራሽ የባሰበት መሰለኝ። ከዛ ተናድጄ ማሰሮውን ስከፍት ማሩ ረግቷል፣ ከታች በማንኪያ ስቆፍረው እንደ ስኳር ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ጎረቤቴ በቃ ስኳር ነው የሸጡልሽ አለች፣ ክብሪት ነክረን ሞከርን አልነድ አለ። ልጥለው ነው ወይስ ምን ላድርገው? ፊቴንስ?

ኮምቦልቻ11፦
ተበልተሻል እህትዋ 😂 አሁን ገበያ ላይ ማር የሚባል ነገር የለም፣ ስኳር አፍልተው ትንሽ ማር ጠብ ያደርጉበታል አለቀ። እኔ ቤት ያለው ማር ከአምና ጀምሮ አንድ ቀን ረግቶ አያውቅም፣ ኦሪጅናል ማር አይረጋም።

አባቀፎ፦
ኧረ እንደሱ አትበል ወንድሜ፣ ልጅቷ 1400 ብሯን ደፍታ እንድትመጣ ነው? የኔ ልጅ አብሽሪ፣ በመርጋቱ ብቻ ማሩ ውሸት ነው አይባልም። እኔ አምባሰል ነኝ፣ አባቴም ንብ አናቢ ነበር፣ አሁን 14 ቀፎ አለኝ 5ቱ ዘመናዊ፣ የቀረው ያው በጭቃና በእበት የተለሰነው የድሮው ነው። ማር ውስጥ ግሉኮስ የሚባል ስኳር አለ፣ እሱ ብርድ ሲያገኘው ይረጋል፣ 13 እና 14 ዲግሪ አካባቢ ደሞ በጣም ይቸኩላል፣ የደሴን ብርድ እንግዲህ እኔ ለአንቺ አልነግርሽም። ኮምቦልቻ11 ያንተ ያልረጋው አገርህ ሙቅ ስለሆነ ነው፣ የአበባውም ዓይነት ይለያያል፣ ቶሎ የሚረጋ አለ ዓመት የሚቆይ አለ። እንዲቀልጥልሽ ከፈለግሽ እሳት ላይ አትጣጂው፣ ማሰሮውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጪው፣ እጅሽን ከትተሽ የምትችዪው ሙቀት ይበቃዋል። ካፈላሽው መዓዛው ይሄዳል፣ ከዛ በኋላ ያው ጣፋጭ ነገር ነው።

ክብሪቱንም ተዪው። ክብሪት የሚነግርሽ እርጥበት መኖር አለመኖሩን ነው፣ እውነተኛ ማር ሳይበስል ከተቆረጠ ውሃ ይበዛዋል ክብሪቱም አይነድም፣ ወፍራም የስኳር ሽሮፕ ደሞ ላያጠፋው ይችላል። ውሃ ውስጥ ጠብ አድርገው ሰመጠ አልሰመጠ የሚሉትም እንደዛው፣ ወፍራም ነገር ሁሉ ይሰምጣል። ትክክለኛውን የሚናገረው ላብራቶሪ ነው፣ እሱ ከሌለ ሻጩን ማወቅ ነው። ሲቻል ከነእንጀራው ግዢ፣ እንጀራው በሰም የተከደነ ከሆነ ንቦቹ ራሳቸው በስሏል ብለው ዘግተውታል ማለት ነው። የተጣራው ሲያምር ሰው ይወስደዋል፣ ሰሙና ቆሻሻው ያለበትን ያልፈዋል፣ እኔ ግን ሁሌ የሚገርመኝ እሱ ነው።

ነርሷ_ሀ፦
ማሩ የስኳርም ይሁን የአምባሰል ፊትሽን ያቃጠለው ሎሚው ነው። የሎሚ ጭማቂ ለፊት ቆዳ በጣም አሲድ ነው፣ ተቀብተሽው ፀሐይ ካገኘሽ ደሞ እንደ ቃጠሎ ያደርግና ጥቁር ምልክት ይተዋል፣ ያባሰብሽ ለዛ ነው። ደሴ ቀዝቃዛ ስለሆነች ፀሐይዋ ቀላል ይመስለናል፣ ግን ከፍታ ላይ ነን እኮ ጨረሩ ይበረታል። አሁን ሁሉንም አቁሚ፣ ሳሙናም ስክራብም ቀረፋም ምናምንም። ለብ ባለ ውሃ ታጥበሽ ሳትፈትጊ አድርቀሽ ቫዝሊን ስስ አድርጊ፣ ከቤት ስትወጪ ጥላ ወይም ነጠላ፣ ሲድን ደሞ ሰንስክሪን ጀምሪ፣ ለጥቁር ምልክት ከማርም ከምንም በላይ እሱ ነው የሚረዳሽ። ውሃ ከቋጠረ ወይ ካበጠ ግን የቆዳ ሀኪም ጋ ሂጂ።

ማሩን በተመለከተ ሰዎች ዝም ብለው አይደለም የሚያወሩት፣ ቆዳ ላይ እርጥበት ይይዛል፣ ራሱ አሲድነት ስላለውና ስኳሩ ስለሚበዛ ጀርም አይመቸውም፣ ትንሽ ውሃ ሲያገኝ ደሞ ውስጡ ያለው ኢንዛይም ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ያመነጫል፣ ያው ቁስል የምናጥብበት ነገር ማለት ነው በጣም በትንሹ። ለቀላል ቃጠሎ እንደሚረዳ በጥናት ታይቷል፣ ግን እሱ ለህክምና ተብሎ በጨረር የፀዳ ማር ነው፣ የገበያውን ክፍት ቁስል ላይ እንዳታደርጉ። ለብጉር ማስረጃው ያን ያህል አይደለም፣ ልሞክር ካልሽ ፊትሽ ሙሉ በሙሉ ከዳነ በኋላ መጀመሪያ ክንድሽ እጥፋት ላይ ቀብተሽ አንድ ቀን ጠብቂ፣ ካላሳከከሽ በሳምንት 1 ወይ 2 ጊዜ ማር ብቻውን ወይ ከእርጎ ጋር ስስ አድርገሽ 10 ወይ 15 ደቂቃ፣ ከዛ መታጠብ። የረጋውን እንዳለ እንዳትፈትጊበት፣ ጥራጥሬው ቆዳ ይጭራል።

እግረ መንገዴን፣ እባካችሁ 1 ዓመት ላልሞላው ህፃን ማር አታልሱ። ልማድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኛም ቤት ነበር፣ ግን ንፁህ ማር ውስጥም ሊኖር የሚችል ቦቱሊዝም የሚያመጣ ባክቴሪያ አለ፣ የትልቅ ሰው ሆድ ይችለዋል የህፃን አይችለውም፣ ህፃኑን ያዝለዋል፣ መጥባትም መተንፈስም ያቅተዋል።

የሐይቋ_እናት፦
ፊትሽ ላይ ከምትለጥፊው ብይው ልጄ 😄 የረጋ ማር ለኔ ቤት በረከት ነው፣ ፈጢራ ላይ ሲቀባ አይንጠባጠብም ልጆቹም ልብሳቸውን አይለውሱትም። አብሽ ትወጃለሽ? የአብሹን ዱቄት ከማታው ንከሪው፣ ጠዋት ከላይ የጠለለውን መራራ ውሃ ድፊው፣ ሌላ ጨምረሽ ደሞ ድፊው፣ ከዛ እስኪነጣና አረፋ እስኪሰራ ምቺው ምቺው፣ ክንድሽ ሲደክም ደርሷል ማለት ነው፣ ውሃና ማር ጨምረሽ ጠጪው። ለመውሊድ እኛ ብርዝ ነው የምናቀርበው፣ አንድ ብርጭቆ ማር በአራት ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጬ በነጠላ አጠለዋለሁ፣ ሰሙ ከላይ ይቀራል፣ በዛው ቀን ነው የሚጠጣው፣ ካሳደርሽው መንገዱ ወደ ጠጅ ነው።

ዳቦ ላይ በስኳር ፋንታ ማር ካረግሽ ደሞ ከስኳሩ ሩቡን ያህል ቀንሺ ማር ይበልጥ ይጣፍጣል፣ ውሃውንም ቀነስ፣ እሳቱንም ቀነስ፣ እኔ መጀመሪያ ሳላውቅ እንደ ወትሮው አንድጄ ከላይ ከሰል ከውስጥ ሊጥ ሆኖብኝ እንግዶች ፊት አፍሬ ነበር። ሻይም ላይ ወዲያው አትጨምሪ፣ ትንሽ ይብረድ።

የላስታ_ልጅ፦
እናንተ አምባሰል አምባሰል ትላላችሁ፣ ማር ማለት የኛ ነጭ ማር ነው። ላስታና ዋግ መንጤሴ ሲያብብ የሚቆረጠው፣ ቶሎ ይረጋል፣ ሲረጋ ቅቤ ነው የሚመስለው፣ እኛ ጋ ያልረጋ ነጭ ማር ነው የሚያጠራጥረው። ላሊበላ የሚለው ስም ራሱ ከንብ ነው የመጣው፣ ሲወለድ ንብ ከቦት እናቱ ንቦች ንግስናውን አወቁለት አለች ይባላል። እኛ ጋ ንብ እንዲህ ነው የሚከበረው።

ኮምቦልቻ11፦
ነጭ ማር እያሉ ስኳር የሚሸጡትም እዛው አገርህ ሰዎች ናቸው ብዬ ልጨቃጨቅህ ነበር ግን ስሙን ስትነግረኝ ተውኩህ 😂 ጋሽ አባቀፎ ስለመርጋቱ ተሳስቻለሁ ይቅርታ። ግን ማር መበረዙ እውነት አይደለም ወይ? እርስዎም ያውቃሉ።

አባቀፎ፦
እውነት ነው ልጄ ይበረዛል፣ እኔም አውቃለሁ። ሰው ግን ተበረዘ ብሎ ያማርራል እንጂ ማሩ የት ሄደ አይልም። አንበጣው በወረረን ጊዜ በ2013 መጀመሪያ ላይ መርጨቱ የግድ ነበር፣ ማሽላውና ጤፉ እያየነው ሲበላ አትርጩ አይባልም፣ ግን ነገ ይረጫል ቀፎአችሁን ዝጉ ያለን ሰው የለም። ጠዋት ወጥቼ ሳይ በየቀፎው በር ላይ ንቡ እንደ ተደፋ ኑግ ፈሷል፣ አንዷን አንስቼ መዳፌ ላይ ሳደርጋት ምላሷን አውጥታ ደርቃለች። በረሀብ የሞተች ንብ ጭንቅላቷን እንጀራው ቀዳዳ ውስጥ ቀብራ ነው የምታገኛት፣ ምላሷን ካወጣች ግን አብዛኛውን ጊዜ መርዝ ነው። ከ9 ቀፎ 2 ተረፈኝ። ያን ዓመት ማር ፈልጎ የመጣ ደንበኛዬን የለም ብዬ ስመልስ ሌላው ስኳሩን በጥብጦ ሸጠለት፣ ማሩ የሄደው በዚህ ነው።

አሁን ደሞ አንበጣ ሳይኖርም በየዓመቱ ነው፣ የአረሙ መድሃኒት አበባዋን ያጠፋባታል የተባዩ መድሃኒት ራሷን ይገድላታል። ንብ 2 ና 3 ኪሎሜትር ሄዳ ነው የምትቀስመው፣ እኔ ብቻዬን ብጠነቀቅ ምንም አይፈይድም። ጎረቤቴን ባቄላህ አበባ ላይ እያለ አትርጭ፣ የግድ ከሆነም ንብ ከገባች በኋላ አመሻሽ ላይ አድርገው ብዬ ለምኜው መጀመሪያ ስቆ ነበር፣ በኋላ ንብ የምታርፍበት ባቄላ የተሻለ እንደሚያፈራ በዓይኑ ሲያይ ራሱ መጥቶ መቼ ልርጭ ይለኛል፣ በህዳር ቆረጣ አንድ ሳህን ማር አለው። የኛም ሰው ጥፋት አለው፣ የድሮውን ቀፎ ሲቆርጥ እስከ መጨረሻው ሙልጭ ያደርገዋል፣ ከዛ ንቡ ተሰደደብኝ ይላል፣ ምን ይብላ? እኔ ትቼላቸው ነው የምወጣው፣ የበጋው ድርቅ ሲበረታ ደሞ ትንሽ ሽሮና በሶ አስቀምጥላቸዋለሁ፣ ዱቄቱን በእግራቸው ለቅመው ሲገቡ ብታዩ እንደ ወፍጮ ቤት ሰራተኛ ነጭ ሆነው ነው።

የሸዋበሯ፦
ጋሼ አስለቀሱኝ እኮ 😢 እኔ ስለ ፊቴ ነበር የመጣሁት። ነርሷ አመሰግናለሁ ትላንት ማታ ጀምሮ ቫዝሊን ብቻ ነው፣ መለብለቡ ቀነሰ። እማማ አብሹን ሰርቼው ነበር ክንዴ አልቋል ግን ወጥቶልኛል። ማሩም ለብ ባለ ውሃ ቀለጠ፣ ከላይ የሰም ፍርፋሪ ተንሳፈፈ፣ እውነተኛ ሳይሆን አይቀርም፣ ሻጯን ስረግማት ከርሜ አሁን አፈርኩ። አሁን ደሞ ሌላ ጥያቄ፣ እኛ ኮንዶሚኒየም ነን 3ኛ ፎቅ፣ በረንዳ ብቻ ነው ያለኝ፣ ለንብ ምን ማድረግ እችላለሁ?

አባቀፎ፦
በረንዳ ይበቃል። በሶብላና ጦስኝ በቆርቆሮ ትከይ፣ ለወጥሽም ይሆናል፣ ግን ሁሉንም ሳያብብ አትቁረጪው የተወሰነውን ለአበባ ተዪው። ሰፋ ባለ ሳህን ውሃ አድርጊና ጠጠር ጨምሪበት፣ ጠጠር ከሌለው ሊጠጡ መጥተው ይሰምጣሉ። ማር ወይ ስኳር ውሃ ግን እንዳታስቀምጪ፣ የሌላ ሰው ማር በሽታ ያስተላልፋል፣ ቀፎ ለቀፎም ያጣላል። ህዳር ላይ ቆረጣ ስለሚሆን ከቤተሰብሽ ጋር ነይ፣ ከነእንጀራው እሰጥሻለሁ። ነጣ ያለ ልብስ ልበሺ፣ ጥቁር አይወዱም፣ ሽቶም እንዳትቀቢ።

የሸዋበሯ፦
ነጩን ልብስ እሺ፣ ግን ያለ ሽቶ ከደሴ ወጥቼ አላውቅም ጋሼ 😅

አባቀፎ፦
እንግዲያው ከአጥሩ ውጪ ቆመሽ ትበያለሽ።

ኮምቦልቻ11፦
ጋሽ አባቀፎ እኔ ሽቶ የለኝም፣ ልምጣ?